«ልዩ ሰው» ማን ነው? ሦስት ክፍል የነበረው መጠይቅ በትርጉም ሁለት ሆነብኝ

ጠያቂዋ

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ለመመረቂያ ጽሑፌ የያዝኩት ሥራ አንድ ቦታ ላይ ቆሞብኛል። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ ምክሩን እፈልጋለሁ።

ሥራዬ ሰዎች «ቢቸግረኝ የሚደርስልኝ አለ» ብለው የሚያምኑትን ማኅበራዊ ድጋፍ የሚለካ መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሶ ብቃቱን መፈተሽ ነው። የመረጥኩት ግሪጎሪ ዚሜትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጡትን ባለ 12 ዓረፍተ ነገር መለኪያ ነው። ለማታውቁት፣ አራቱ ዓረፍተ ነገሮች ስለ ቤተሰብ፣ አራቱ ስለ ጓደኞች፣ አራቱ ደግሞ «ልዩ ሰው» ስለሚባል አንድ ሰው ይናገራሉ። መላሹ በእያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚስማማ ከ1 እስከ 7 ባለው ደረጃ ያመለክታል።

የሚባለውን ሥርዓት ሁሉ ተከትያለሁ። ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ተረጎሙ፣ ሁለቱን አስማማን፣ ዋናውን ቅጂ ያላዩ ሌሎች ሁለት ሰዎች ወደ እንግሊዝኛ መለሱት፣ ከዚያም ባለሙያዎች ተሰብስበው መረመሩት። የተመለሰው ከዋናው ጋር ከሞላ ጎደል ቃል በቃል ገጠመ። እጅግ ደስ ብሎኝ ወደ መረጃ መሰብሰቡ ገባሁ።

ትንተናው ላይ ስደርስ የክሮንባክ አልፋ (የዓረፍተ ነገሮቹ መልሶች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየው ቁጥር) ከ0.90 በላይ ወጣ። የትኞቹ ዓረፍተ ነገሮች አብረው እንደሚቧደኑ የሚያሳየው ፋክተር ትንተና ግን ሦስት ሳይሆን ሁለት ክፍል ሰጠኝ። ቤተሰብ ለብቻው ቆመ፤ «ልዩ ሰው» እና «ጓደኞች» ተቀላቅለው አንድ ሆኑ። ከ«ልዩ ሰው» አራት ዓረፍተ ነገሮች የመጀመሪያው ደግሞ ከወንድሞቹ ተለይቶ ወደ ቤተሰብ ሄደ።

አማካሪዬ «አልፋው ጥሩ ስለሆነ ያልገጠሙትን አውጥተሽ ቀጥይ» ብለውኛል። ልቤ ግን አልተቀበለውም። ጥፋቱ የትርጉሙ ነው? የመላሾቹ ነው? ወይስ መጠይቁ በእኛ ቋንቋ ውስጥ ሌላ ነገር ሆኗል?

ቃል መራጭ

እህቴ፣ ስለ ቁጥሩ ከመነጋገራችን በፊት ዓረፍተ ነገሮቹን እንደተተረጎሙ አስቀምጪልን። በተለይ «ልዩ ሰው» የሚሉትን አራቱንና ስለ ስሜትና ስለ እርዳታ የሚያነሱትን። ቃሉን ሳላይ አስተያየት መስጠት አልችልም።

ጠያቂዋ

እነሆ፦

«በሚያስፈልገኝ ጊዜ በአካባቢዬ የሚገኝ ልዩ ሰው አለ።»
«ደስታዬንና ሐዘኔን የምጋራው ልዩ ሰው አለ።»
«እውነተኛ የመጽናኛ ምንጭ የሆነልኝ ልዩ ሰው አለኝ።»
«በሕይወቴ ውስጥ ለስሜቶቼ የሚጨነቅ ልዩ ሰው አለ።»

ከቤተሰቡ ደግሞ፦

«ቤተሰቤ በእውነት ሊረዳኝ ይሞክራል።»
«የምፈልገውን ስሜታዊ እርዳታና ድጋፍ ከቤተሰቤ አገኛለሁ።»

ቃል መራጭ

አመሰግናለሁ። አሁን ብዙ ነገር ታየኝ። ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ፤ እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ቤተሰቤ በእውነት ሊረዳኝ ይሞክራል» የሚለውን ጮክ ብለሽ አንብቢው። «ሊረዳኝ» ሲል «ረ» ላልታ ከተነበበች «ሊያግዘኝ» ማለት ነው። ጠብቃ ከተነበበች ግን «ሐሳቤን፣ ሁኔታዬን ሊገነዘብልኝ» ይሆናል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ስለዚህ መጠይቁን በራሱ የሚያነብ ሰው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፤ አንቺም የትኛውን እንደመረጠ የምታውቂበት መንገድ የለሽም። እንዲያውም «ሊረዳኝ ይሞክራል» ተከታትለው ሲመጡ ለብዙ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ሁለተኛው ይመስለኛል። «ይሞክራል» ራሱ ደካማ ቃል ነው፤ ሞክሮ ያልተሳካለትን ያስታውሳል። ዋናው ቅጂ የሚለው በትጋት መጣርን ነው። «ቤተሰቤ እኔን ለማገዝ ከልቡ ይጥራል» ብትዪው ሁለቱም ችግር ይወገዳል።

«ስሜታዊ እርዳታ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በመጻሕፍት ቋንቋ «ስሜታዊ» ከስሜት ጋር የተያያዘ ማለት ሊሆን ይችላል። ሰው በዕለት ንግግሩ «እርሱ ስሜታዊ ነው» ሲል ግን ቶሎ የሚቆጣ፣ ሳያመዛዝን የሚወስን ማለቱ ነው። ታዲያ «ስሜታዊ ድጋፍ» ምን ዓይነት ድጋፍ ነው? ተማሪና አስተማሪ ካልሆነ በስተቀር ይህን ሐረግ አፉ ላይ ያለ ሰው አላውቅም። የሚያጽናና፣ የሚያበረታታ፣ አይዞሽ የሚል ድጋፍ ማለታችን ነው፤ እንዲያው እንዲህ እንበለው።

«ሐዘን» የሚለውም ይመርመር። ቃሉ ለማንኛውም መከፋት ያገለግላል። ነገር ግን «ሐዘን ላይ ናት» ሲባል ሰው ሞቶባት እንደሆነ እንሰማለን እንጂ ቀኑ ከፍቶባት ነው አንልም። መላሹ በሐዘን የሞት ሐዘንን ከተረዳ ሐዘኑን የሚካፈለው ሰው በጣም ይበዛል፣ መልሱም ያለማመንታት «እስማማለሁ» ይሆናል። ዋናው ግን የሚጠይቀው በተራው ቀን የከፋንን የምንነግረው ሰው መኖሩን ነው።

«በአካባቢዬ የሚገኝ» ስትዪ ደግሞ የሰፈርና የቤት ቅርበት ይሰማል። ይህ ዓረፍተ ነገር ወደ ቤተሰብ መሄዱ አላስገረመኝም። መላሹ «በአካባቢዬ ማን አለ?» ብሎ ሲያስብ የሚያገኘው አብሮት የሚኖረውን ነው። ዋናው የሚለው «ከጎኔ የማይጠፋ» ነው።

«ጓደኛ» የሚለውንም እንዳትረሺ። ብዙ ቁጥር «ጓደኞቼ» ሲሆን ግልጽ ነው። «ጓደኛዬ» ሲባል ግን አንዳንዱ የፍቅር ጓደኛውን፣ ሌላውም የትዳር አጋሩን እንዲህ ብሎ ይጠራል። ያ ሰው ስለ «ልዩ ሰው» ሲጠየቅም ስለ «ጓደኞች» ሲጠየቅም ያው አንድ ፊት ይታየዋል። ሁለቱ ክፍሎች የተቀላቀሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ያ ሁሉ ስህተት እያለ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው ለምን ገጠመ ትዪኝ ይሆናል። የመለሱት ሰዎች እንግሊዝኛ አዋቂዎች ስለሆኑ ነው። «ስሜታዊ ድጋፍ» ሲሉት ከኋላው ያለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ወዲያው ይታያቸዋል፣ ያንኑም ይጽፋሉ። ሪቻርድ ብሪስሊን እ.ኤ.አ. በ1970 ያስተዋወቀው የመልሶ መተርጎም ዘዴ ጠቃሚ ነው፤ የተዘለለና የተገለበጠ ነገር ያሳያል። ነገር ግን ትርጉሙ ቃል በቃል በሆነ መጠን ይበልጥ ይገጥማል። መግጠሙ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ አይነግርሽም።

ቤት ለቤት

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። ለዓመታት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ መጠይቅ ይዤ ሰው ቤት ስገባ የኖርኩ ነኝ። ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ልንገራችሁ።

ሰባቱን አማራጮች ለሚያነብ ሰው በወረቀት መስጠት አንድ ነገር ነው። ጮክ ብሎ ማንበብ ግን ሌላ ነው። «እጅግ በጣም አልስማማም፣ በጣም አልስማማም፣ በመጠኑ አልስማማም፣ ገለልተኛ ነኝ...» እያልኩ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ሰውየው የመጀመሪያዎቹን ረስቷቸዋል። የሚመልስልኝ «አዎ» ብሎ ነው፤ ወይም «አለኝ፣ ምን ጥርጥር አለው» ይለኛል። ታዲያ ይህ 5 ነው፣ 6 ነው ወይስ 7? ደግሜ ማንበብ ነበረብኝ። ቀኑ ሲመሽና ያልተሞላው ቅጽ ሲከመር ግን ራሴ የመረጥኩባቸው ጊዜያት አሉ። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን አድርገነዋል፣ ተመራማሪዎችም ሊያውቁት ይገባል። አንድ መረጃ ሰብሳቢ «አዎ»ን ሁልጊዜ 6፣ ሌላው ሁልጊዜ 7 ካደረገው ቁጥራችሁ ውስጥ ያለው የመላሾቹ ልዩነት ሳይሆን የእኛ ልዩነት ነው።

የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት በሁለት እርከን መጠየቅ ነው። መጀመሪያ «ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም?» ብሎ መልሱን መቀበል፤ ከዚያ «በመጠኑ፣ በጣም ወይስ እጅግ በጣም?» ማለት። ሰውየው በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ ነገር መያዝ የለበትም። «ገለልተኛ» የሚለውን ቃል ደግሞ ባትጠቀሙበት ይሻላል። ሰው ሲጣላ ማንንም አለመደገፍ ነው የሚመስለው፤ ስለ ራስ ቤተሰብ ሲጠየቅ ትርጉም አይሰጥም። «መካከል ላይ ነኝ» ሲባል ይገባቸዋል።

ሌላው ነገር አጠገባቸው የሚቀመጠው ሰው ነው። ስለ ቤተሰብ ስትጠይቂ ባል ወይም አማት እዚያው ክፍል ውስጥ ካሉ ሴቲቱ ምን ትመልስ? አራቱንም «እጅግ በጣም እስማማለሁ» ትላለች። ስለ ጓደኛ ስትጠየቅ ግን ድምፅዋ ዝቅ ይላል። የቤተሰቡ ክፍል ለብቻው ጠንክሮ የቆመው ይህም ሊኖርበት ይችላል ብዬ ነው።

የሚዛን ሰው

የቤት ለቤትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ቢነበብ ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ ስለ ቁጥሩ ልናገር፣ ምክንያቱም ከ0.90 በላይ የሆነው አልፋ እዚህ ላይ ሁሉንም ሰው እያሳሳተ ነው። አልፋ ዓረፍተ ነገሮቹ አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ ይናገራል እንጂ አንድ ነገር ብቻ እንደሚለኩ አያረጋግጥም፤ ትክክለኛውን ነገር መለካታቸውንማ ጭራሽ አያውቅም። የዓረፍተ ነገሩ ቁጥር ሲጨምርም ከፍ ይላል። በዚህ መጠይቅ ደግሞ አሥራ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የተጻፉ ናቸው፤ አንድም በአሉታ የተነገረ የለም። ለሁሉም «እስማማለሁ» የማለት ልማድ ያለው መላሽ፣ ወይም «አዎ»ን ሁልጊዜ 6 የሚያደርግ መረጃ ሰብሳቢ፣ አልፋን ወደ ላይ ይገፋዋል። በመጀመሪያው ጥናት ላይ የጠቅላላው አልፋ 0.88 ነበር፤ የልዩ ሰው 0.91፣ የቤተሰብ 0.87፣ የጓደኞች 0.85። የአንቺ ከመጀመሪያው መብለጡ ትርጉምሽ ከዋናው በለጠ ማለት አይደለም። እንዲያውም ቆም ብሎ መጠርጠር የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ፋክተሮቹ፣ ማለትም ስለ ክፍሎቹ፣ ብዛት አንድ ጥያቄ አለኝ። በምን ወሰንሽ? ሶፍትዌሩ በራሱ ከ1 በላይ ያሉትን አይገን እሴቶች (እያንዳንዱ ፋክተር ከመልሶቹ ልዩነት ምን ያህሉን እንደሚያብራራ የሚያሳዩትን ቁጥሮች) ቆጥሮ ሰጥቶሽ ከሆነ ያ ደንብ በብዙ ሁኔታ እንደሚያሳስት ከታወቀ ቆይቷል። እነዚህን ቁጥሮች በዘፈቀደ ከተፈጠረ መረጃ ቁጥሮች ጋር የሚያነጻጽረው፣ ጆን ሆርን እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረበው ትይዩ ትንተና ይሻላል። መልሶቹም ደረጃ እንጂ እውነተኛ ቁጥር ስላልሆኑ፣ በተለይ አብዛኛው ሰው 6 እና 7 ላይ ከተከማቸ፣ ለደረጃ መልስ የተሠራውን የስሌት ዘዴ ተጠቀሚ።

ከሁሉ በላይ ግን የቅደም ተከተሉ ነገር ያሳስበኛል። ይህ መጠይቅ አስቀድሞ የታወቀ መላምት አለው፤ ሦስት ክፍል ነው ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ መደረግ ያለበት አስቀድሞ የታሰበው አከፋፈል ከመረጃው ጋር መግጠሙን የሚፈትሸው የማረጋገጫ ፋክተር ትንተና ነበር። አንድ ክፍል፣ ሁለት ክፍል፣ ሦስት ክፍል የሚሉትን ሞዴሎች ጎን ለጎን ፈትሺ። ከሦስቱ በላይ አንድ ጠቅላላ ድጋፍ የሚያስቀምጥ ሁለተኛ እርከን ያለውን ሞዴልም አንዳንዶች እንደ ተጨማሪ ማስረጃ ያቀርባሉ። ከሦስት ክፍል ብቻ ሲሠራ ግን ውጤቱ ተዛማጅ ከሆኑት ሦስቱ ጋር ፍጹም እኩል ስለሚሆን ምንም አዲስ ነገር አይናገርም። በእርሱ አትደሰቺ። አማካሪሽ እንዳሉት ያልገጠመውን አውጥተሽ በዚያው መረጃ ላይ ደግመሽ ከፈተሽው ደግሞ መግጠሙ አይቀርም፤ ልኩን በራሱ ላይ ሰፍተሽ መልሰሽ እንደማልበስ ነው። ሌላ ናሙና፣ ቢያንስ በዕጣ ለሁለት የተከፈለ ናሙና ያስፈልግሻል።

ዘመን ያየ

ልጄ፣ እኔም ብዙ ተማሪ አማክሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝና አማካሪሽን ጨክነሽ አትፍረጂባቸው። ተማሪ በጊዜው እንዲመረቅ መፈለግ ክፋት አይደለም። ነገር ግን በዚህ ነገር አብሬያቸው አልቆምም። ዓረፍተ ነገር ማውጣት የመጨረሻው መፍትሔ ነው። ስታወጪ ከሌሎች አገሮች ውጤት ጋር የማነጻጸር ዕድሉ አብሮ ይወጣል፤ መጠይቅ ተርጉመን የምንሠራበት ትልቁ ምክንያት ደግሞ ማነጻጸር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁላችሁም ስለ ትርጉም አወራችሁ፤ ልክ ናችሁ። ቃሉ ፍጹም ቢሆን እንኳ ሐሳቡ ላይገጥም ይችላል። የመጀመሪያው ጥናት የተሠራው በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ በ275 የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ ነው። ከቤተሰቡ ርቆ የሚኖር ወጣት ተማሪ ሕይወቱ በሦስት ይከፈላል፤ የተወው ቤተሰብ፣ በየቀኑ የሚያገኛቸው ጓደኞች፣ የፍቅር ጓደኛ። ልጆች ላሳደገች ባለትዳር ሴት ግን «ልዩ ሰው» ባሏ ከሆነ ያው ቤተሰብ ነው። ለሽማግሌው ልዩ ሰው ልጁ ነው። ለሌላዋ ታላቅ እህቷ ናት። ሦስቱ ሳጥኖች በሁሉም ሰው ሕይወት ውስጥ ተለይተው አይቀመጡም። መቀላቀላቸውን እንደ ብልሽት ብቻ አትዪው፤ ስለ መላሾችሽ ኑሮ የሚናገረው ነገር ሊኖር ይችላል።

ከዚያም ከ12ቱ ሁለቱ «ስለ ችግሬ ከእነርሱ ጋር መነጋገር እችላለሁ» የሚሉ ናቸው፤ አንዱ ለቤተሰብ፣ አንዱ ለጓደኞች። ይህ ድጋፍ በመናገር ይገኛል ከሚል እምነት የተነሣ ነው። ሂጁንግ ኪም፣ ዴቪድ ሸርማንና ሼሊ ቴይለር የእስያና የአውሮፓ ዝርያ ያላቸውን አሜሪካውያን እያነጻጸሩ የጻፉትን ፈልገሽ አንብቢ። የእስያ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ችግራቸውን አውጥተው እርዳታ መጠየቅን ይቀንሳሉ፤ ጥያቄው ግንኙነቱን ይጎዳል፣ ሌላውን ያስጨንቃል ብለው ይሰጋሉ። ድጋፍ የላቸውም ማለት ግን አይደለም። ሳይናገሩ፣ አብሮ በመሆን ብቻ የሚያገኙት አለ። እንዲህ ያለ ሰው «ችግሬን እነግራቸዋለሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አይ» ይላል፤ ነጥቡ ይወርዳል፤ አንቺም ብቸኛ ነው ብለሽ ትጽፊበታለሽ።

ሌላው ተማሪ

ከዘመን ያየ ጋር እስማማለሁ። ታዲያ ለምን ከባዶ አንሠራም? ሰዎች ድጋፍ ስለሚሉት ነገር በራሳቸው አንደበት ይናገሩ፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገር እናውጣ። የሌላውን ልብስ ማጥበብና ማስፋት እስከ መቼ ነው? ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ እኮ ከ12ቱ ውስጥ ስማቸው አይነሣም።

የሚዛን ሰው

ሐሳብዎ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን አዲስ መጠይቅ መሥራት ከመተርጎም የቀለለ እንዳይመስልዎ። ዓመታት ይፈጃል፤ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍም አይሆንም። ሁለቱን ማጣመር ይቻላል። የተተረጎመው እንዳለ ሆኖ የጎደለውን የሚሞሉ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ለብቻቸው ይጨመሩ፤ ለብቻቸውም ይቆጠሩ።

ቱርኮች ያደረጉትን ላንሣ። ዶጋን ኤከርና ሃልዱን አርካር ይህንኑ መጠይቅ ወደ ቱርክኛ መልሰው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2001 በተሻሻለው ቅጂ ላይ «ልዩ ሰው» የሚለውን እንዳለ አልተዉትም። ከቤተሰቤና ከጓደኞቼ ውጭ የሆነ ሰው ብለው፣ ለምሳሌ እጮኛ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ሐኪም እያሉ ዘረዘሩት። «ቤተሰቤ» የሚለውም አጠገብ እናት፣ አባት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ ወንድምና እህት ብለው አስቀመጡ። መላሹ ማንን ከየት እንደሚቆጥር አይደናገርም። ጠያቂዋም እንዲህ ብታደርግ ሦስቱ ክፍሎች ይለያያሉ ብዬ አምናለሁ።

ቃል መራጭ

እዚህ ላይ አልስማማም። ክፍሎቹ መለያየታቸው አያጠራጥርም፤ ግን በምን ዋጋ? የልቧ ሰው ባሏ የሆነችን ሴት «ከቤተሰብሽ ውጭ» ስንላት «የለኝም» ትላለች። አራት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ታገኛለች። ይህች ሴት ድጋፍ አላጣችም፤ እኛ ነን በትርጓሜ የወሰድንባት። ዋናው ቅጂ እኮ «ልዩ ሰው» ማን እንደሆነ ሳይወስን ክፍት የተወው ነው። ሞዴሉ እንዲያምር ብለን ጥያቄውን ከቀየርን የተለካው ሌላ ነገር ነው።

የሚዛን ሰው

የተናገሩት ትክክል ነው፤ ይህን አልካድኩም። ነገር ግን ክፍት ሲተው ደግሞ አንዷ ስለ ባሏ፣ አንዱ ስለ እናቱ፣ ሌላው ስለ ጓደኛው ይመልስና ሦስቱ ነጥቦች እርስ በርስ ይደራረባሉ። የተደራረበ ነገር ለየብቻ ደምሮ «ይህ ከቤተሰብ፣ ያ ከልዩ ሰው» ማለት አይቻልም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። የመረጠ ሰው መምረጡን በግልጽ ይጻፍ፤ ትርጓሜውን ከለወጠም ነጥቡን ከሌላው ቅጂ ነጥብ ጋር አያነጻጽር።

ማነጻጸር ካነሣን፣ የሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎችን ወይም የወንድና የሴትን አማካይ ጎን ለጎን ከማስቀመጥ በፊት የመለኪያ እኩልነት መፈተሽ አለበት። አወቃቀሩ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው? የእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ክብደት እኩል ነው? መነሻውስ? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ግን አማካይ ለማወዳደር የግድ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ባዶውን 2 ኪሎ የሚያሳይ ሚዛንና ባዶውን ዜሮ የሚያሳይ ሚዛን ቢኖሩ በሁለቱ የተመዘኑ ሁለት ሰዎችን ማን ይከብዳል ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ ሲኤፍአይ የሚባለው፣ ሞዴሉ ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የሚያሳየው መለኪያ ከ0.01 በላይ ካልቀነሰ እኩልነቱ ተጠብቋል የሚለው የቼንግና የሬንስቮልድ እ.ኤ.አ. የ2002 መመሪያ ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል።

ዘመን ያየ

ስለ ነጥብም አንድ ማስጠንቀቂያ። ከ12 እስከ 35 ዝቅተኛ፣ ከ36 እስከ 60 መካከለኛ፣ ከ61 እስከ 84 ከፍተኛ የሚለው ክፍፍል በየጽሑፉ ይገለበጣል። መስመሮቹ የደረጃውን ቁጥር በእኩል ከመክፈል የመጡ ናቸው። በሽታን ከጤና እንደሚለይ የምርመራ ወሰን አትጠቀሚባቸው፤ በትርጉም ደግሞ ይብሱን አትመኚባቸው።

ሌላም። ትክክለኛነቱን ለማሳየት «ባለፈው ወር ስንት ሰው ረዳህ?» ከሚል ጥያቄ ጋር አመሳክረሽ ተዛምዶው ዝቅ ቢል አትደንግጪ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ብዙ ጥናቶችን በአንድ የሰበሰበ ትንተና በተቀበሉት እርዳታና አለኝ ብለው በሚያምኑት ድጋፍ መካከል ያለው ተዛምዶ በአማካይ 0.35 ገደማ መሆኑን አሳይቷል። የሚደርስልኝ አለ የሚል እምነትና በእጅ የገባ እርዳታ ሁለት ነገሮች ናቸው። ብዙ እርዳታ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ብዙ የተቸገረው ነውና።

ጠያቂዋ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ዝም ያልኩት እናንተ ያላችሁትን ስሠራ ነው።

አማካሪዬን የመድረኩን ምክር ይዤ ቀረብኳቸው። መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ ከዚያ «ሊረዳኝ»ን በሁለት መንገድ አንብቤ ሳሰማቸው ሳቁና «ሂጂ፣ አስተካክለሽ ነይ» አሉኝ። መረጃ መሰብሰቡን አቁሜ ከሰዎች ጋር ተቀመጥኩ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንብቤ «ይህን ሲሰሙ ምን አሰቡ? ማን ታወሰዎት? ለምን ይህን መልስ መረጡ?» እያልኩ ጠየቅኳቸው። ብዙ ሰው አይደለም፤ ግን ቁጥሩ ያልነገረኝን ነገሩኝ።

አንዲት እናት «በአካባቢዬ የሚገኝ ልዩ ሰው» ስላት «ከእኔ ጋር የምትኖረው የመጨረሻዋ ልጄ ናት፤ ልዩ ነገር ግን የላትም፣ እንደ ሌሎቹ ልጆቼ ናት» አለችኝ። «ልዩ» የሚለውን ከሌሎቹ የተለየ፣ ያልተለመደ ብላ ነበር የሰማችው። አንድ ወጣት ደግሞ በአራቱም ላይ ዝቅተኛ መልስ ሰጠኝ። ለምን ስለው «እጮኛ የለኝም» አለ። ወዲያው ስለ አጎቱ ልጅ፣ ማታ ማታ ደውሎ የሆዱን ስለሚያጫውተው፣ ረጅም ጊዜ አወራኝ። ያ ሰው በመጠይቄ ውስጥ የትም አልተቆጠረም ነበር። ለዚያ ወጣት የሰጠሁትን ዝቅተኛ ነጥብ ሳስብ አዘንኩ፤ ከእርሱ በፊትስ እንዲህ ያመለጡኝ ስንት ናቸው?

ከ«ልዩ ሰው» ይልቅ «የልቤ የምለው ሰው» ወይም «ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበኝ ሰው» የሚለውን ሞከርኩ። የመጀመሪያውን የፍቅር ብቻ አድርገው የሰሙት ነበሩ። ሁለተኛው የተሻለ ሆነ። ስለ ትርጓሜው ደግሞ በሁለታችሁ ክርክር መካከል የቆመ መንገድ መረጥኩ። «ይህ ሰው ከቤተሰብ፣ ከጓደኛ ወይም ከሌላ ሊሆን ይችላል» ብዬ ክፍት ተውኩት፤ ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች በኋላ ግን «ሲመልሱ ያሰቡት ማንን ነው?» የሚል ጥያቄ ጨመርኩ። መልሱ ነጥብ ውስጥ አይገባም። ሦስቱ ክፍሎች የሚደራረቡት በእነማን ዘንድ እንደሆነ ግን ያሳየኛል።

የሚዛን ሰው

ይህ እኔ ካቀረብኩት ይሻላል። በዚያ ጥያቄ መላሾቹን ከፍለሽ አወቃቀሩን ለየብቻ መፈተሽ ትችያለሽ። ከዋናው መረጃ በፊት ግን የተስተካከለውን ቅጂ ከ30 እስከ 40 በሚሆኑ ሰዎች ላይ ሞክሪው፤ መጠይቅን ከሌላ ቋንቋ ስለ ማጣጣም የተጻፈው የቢተንና የባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. የ2000 መመሪያ የሚለው ይህንን ነው። የለወጥሽውን ሁሉ፣ ለምን እንደለወጥሽውም ጻፊ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የግምገማ ጥናት የዚህን መጠይቅ ትርጉሞች በ22 ቋንቋዎች ሲመረምር በብዙዎቹ ዘንድ የማጣጣሙ ሂደት ጉድለት እንዳለበት አግኝቷል። የአንቺ ከእነርሱ አንዱ እንዳይሆን እመኛለሁ።

ጠያቂዋ

አንድ ብቻ የቀረኝ አለ። «ለስሜቶቼ የሚጨነቅ» የሚለው። «የሚጨነቅ» ሲባል መላሾቹ ጭንቀት ነው የሰሙት፤ «ማንም በእኔ እንዲጨነቅ አልፈልግም» ያሉኝ አሉ። ያዘጋጀሁት ይህ ነው፦ «ሲከፋኝ የሚከፋው፣ ደስ ሲለኝ ደስ የሚለው፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበኝ ሰው አለኝ።»

ቃል መራጭ

ውብ አማርኛ ነው፤ ግን ሁለት ጥያቄ በአንድ ላይ ነው። ሲከፋት የሚከፋላት፣ ሲደላት ግን የማይደሰትላት ሰው ያላት ምን ትመልስ? ዋናውም ስለ ስሜት በጥቅሉ ነው የሚናገረው። «ለሚሰማኝ ነገር ግድ የሚለው፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበኝ ሰው አለኝ» ቢባልስ?

ቤት ለቤት

«ግድ የሚለው» ለአንዳንዱ «የሚያስገድደው» እንዳይመስለው እፈራለሁ። ሁለቱንም ገልብጬ ይዣለሁ። ነገ የማገኛቸው ሰዎች አሉ፤ አንብቤላቸው የሚሉትን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ።